ቤት ለእንግዳ ሲሉህ ግባ

የእህቴ ልጅ፣ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያምን ልትሳለም መሆንህን ከእናትህ ሰምቼ ደስ አለኝ። መኪና ልትከራይ፣ ድንኳኑንም ምግቡንም ከአዲስ አበባ አስጭነህ ልትመጣ፣ በየመንገዱ ለምታገኘው ችግረኛ ደግሞ ልትመጸውት እንዳሰብህ ነግራኛለች። ክፋት የለበትም። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይባላል፤ ቢሆንም አጎት ሆኖ ዝም ማለት አልሆነልኝምና ጥቂት ልምከርህ።

ሥራ ከያዝህ ጀምሮ ሰጪ ነህ። ለእናትህ በየወሩ ትልካለህ፣ የእህቶችህን የትምህርት ወጪ ትችላለህ፣ እዚህ ደብረ ታቦር የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲቀየር ከሁሉ ቀድመህ ያዋጣኸው አንተ ነህ። እግዚአብሔር ይስጥህ። ነገር ግን ከሰው አንዳች ስትቀበል አይቼህ አላውቅም። ምሳ ሲጋብዙህ ቀድመህ ሒሳቡን ትከፍላለህ፤ እናትህ ቅቤ ብትልክልህ «ምን አስቸገራት» ትላለህ። ስለዚህ የምመክርህ ነገር አንድ ነው፣ የቀረው ሁሉ ከእሱ የሚመዘዝ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ሰጪነትህን ለጥቂት ቀን አስቀምጠውና መቀበልን ተማር። በሰው እጅ መውደቅን ያልለመደ ተሳላሚ ዳገቱን ወጣ ይባላል እንጂ ተሳለመ አይባልም።

ከመነሣትህ በፊት ያለውን እንጨርስ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ከታላቅ ወንድምህ ጋር በአባታችሁ መሬት የተቀያየማችሁበት ነገር ሳይፈታ ግሸን ብትደርስ ምን ብለህ ልትጸልይ ነው? «እኔማ ይቅር ብዬዋለሁ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይቅርታ መስጠቱ ለአንተ አይከብድህም። የሚከብድህ ይቅርታ መለመኑ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ይግባ፤ የሽማግሌውንም ፍርድ ተቀበል። ካሳ ክፈል ካሉህ ክፈል። ወንድምህ ይካስህ ካሉም «እኔ አያስፈልገኝም» ብለህ በሰው ፊት አታሳፍረው። ጥጃም ይሁን ፍየል፣ የሰጠህን ተቀበልና እግዜር ይስጥልኝ በለው።

የስለቱንም ነገር ላንሣ። ስለት ዕዳ ነው፤ ጧፍ ይሁን ዕጣን፣ ጃንጥላ ይሁን መጋረጃ፣ የተሳልኸውን አግባ። ካገባህ በኋላ ግን የተፈጸመ አይምሰልህ። አንዳንዱ «ይህን ካደረግሽልኝ ይህን አመጣለሁ» ብሎ ይሳላል፤ የለመነው ሲሞላለት ያመጣና ደረሰኝ እንደቆረጠ ነጋዴ እጁን አራግፎ ይወርዳል። የተሰጠው ልጅ ወይም የተመለሰለት ጤና በጃንጥላ ይመለሳል ወይ? አይመለስም። ተከፍሎ የማያልቅ ስጦታ እንዳለብህ እያወቅህ በደስታ መኖር ከቻልህ፣ ያኔ ስለትህ ሠምሯል።

«ምን ልያዝ?» ትለኝ ይሆናል። ጥቂት ያዝ። የምትሄድበት መንገድ ከባድ ሸክም ያለፈበት መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሠራተኞች ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በእኛ አቅጣጫ ነው፤ ጋይንትን ተሻግረው በዋድላና በደላንታ። ከ60 ኩንታል በላይ የሚመዝነውን ብረት ሠራዊቱ በገመድ እየጎተተ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ እያስጠረጉ፣ ከ1860 ዓ.ም. መባቻ እስከ መጋቢት ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በሚያዝያ ንጉሡ መቅደላ ላይ ሞቱ፤ መድፉ ዛሬም እዚያው አለ። የእሳቸውን ነገር ታሪክ ይፍረደው። ለእኛ ለመንገደኞች የሚተርፈን ትምህርት ግን አለ። ሰው ይረዳኛል ብሎ የማያምን ሁሉን ነገር ራሱ ይሸከማል። የአንተ ድንኳን፣ የአንተ ምግብ፣ የአንተ የታሸገ ውሃ የኩንታሉ ቁጥር ያንሳል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ጋቢ ያዝ፤ የመስከረም ሌሊት በደጋው ይቆረጥማል። ዝናቡ ገና ጠቅልሎ አይወጣምና የሚለበስ ላስቲክ አይለይህ። ጫማ ለመንገዱ ብለህ አዲስ አትግዛ፤ እግርህ የለመደውን አድርግ። ዱላ ቁረጥ፤ ዱላ ለዳገቱ ሳይሆን ለቁልቁለቱ ነው፣ ጭቃ ላይ ጉልበት የሚሰበረው ሲወርዱ ነው። የደም ግፊትህን ክኒን እንዳትረሳ። «ጸበል እያለ ክኒን ምን ያደርጋል» የሚል ሰው መንገድ ላይ አይጠፋም፤ አትስማው። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እንኳ ጸበል የሚጠመቁ ሕመምተኞች የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ሐኪሙም የእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ከእሱም መቀበል መቀበል ነው። የስንቁን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

መንገዱን ታውቀዋለህ። ከደብረ ታቦር ተነሥተህ ጉናን በጎን እያየህ ነፋስ መውጫ፤ ከዚያ ጨጨሆ መድኃኔዓለምን ተሳልመህ ጋሸና። ይህ እኛ የቻይና መንገድ የምንለው፣ ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ የዘረጉት ነው። ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ብትታጠፍ ላሊበላ ትገባለህ፤ አንተ ግን ወደ ደቡብ በኮን በወገልጤና ታደርጋለህ። መኪናውን እስከ ደጃፉ አትንዳው። ቢያንስ የመጨረሻውን የአንድ ቀን መንገድ በእግርህ ግባ። ስትሄድም ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ ሁን፤ ከሰዎቹ ጋር እኩል ተራመድ፣ የደከመ ሲያርፍ እረፍ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሻንጣህን ላግዝህ የሚልህ ጎረምሳ ካለ ስጠው፤ አንተም የአሮጊቷን ጥቅል ተቀበላት። በተሳላሚ መካከል ሸክም እንዲህ ከትከሻ ትከሻ እየዞረ ነው ተራራ የሚወጣው።

ሲመሽብህ ከአንዱ ደጅ ቁምና «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» በል። ይህን ቃል በዕድሜህ አንድ ጊዜ እንኳ ተናግረኸው አታውቅም። አፍህ ላይ ይከብድሃል፤ ጉሮሮህን ይይዝሃል። ግድ የለም፣ ተናገረው። «ቤት ለእንግዳ» ሲሉህ ግባ። የቤቱ ልጅ ውሃ አሙቃ እግርህን ልታጥብህ ስትቀርብ «ተዪው፣ ራሴ እታጠባለሁ» ብለህ እግርህን አትሰብስብ። እሷ የምታጥበው የአንተን እግር ብቻ አይደለም፤ ወደ ግሸን የሚሄደውን እግር ነው፤ በረከቱን አትከልክላት። መደቡን ለቀውልህ እነሱ መሬት ላይ ሲተኙ ተከራክረህ አታድክማቸው። ያቀረቡልህ ድንችም ይሁን ሽሮ ጥግብ ብለህ ብላ፣ ጉርሻቸውንም ጉረስ። ያልቀረበውን ግን አትጠይቅ፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል።

ጠዋት ላይ ኪስህ ውስጥ እንዳትገባ አደራህን። ገንዘብ አውጥተህ ብትቆጥር ያደርህበትን ቤት ሆቴል አደረግኸው ማለት ነው። መርቀህ ውጣ። ስልክህን ተውላቸው፤ ልጃቸው አንድ ቀን ለትምህርት ወይ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲመጣ አንተ ቤት ይደር። ያን ቀን ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳትሆን ብቻ።

ከጨጨሆ ማዶ ወሎ ነው፤ ደጁን የከፈተልህ ሰው ሙስሊም ሊሆን ይችላል። ሥጋችን ይለያይ እንጂ ቡናውና ቆሎው፣ ውሃውና ማደሪያው አንድ ነው። እነሱም የመንገደኛን ነገር ያውቁታል፤ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደውን፣ እስከ ባሌ ሼህ ሁሴን ድረስ የሚጓዘውን ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ከየትኛው ማሳ እንደተቀነጠሰ አይጠየቅም።

ይህን ሁሉ ከራሴ ያመጣሁት አይምሰልህ። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ከጎጃምም ከሸዋም ከትግራይም ተማሪ ይመጣ ነበር፤ አንዳንዱ ቤቱ የሞላ፣ አባቱ ከብት በረት ሙሉ ያለው ነው። ሆኖም ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ውሻ ያባርረዋል፣ አንዳንዱ ቤት ዝም ይለዋል፣ አንዷ ድሃ ሴት ደግሞ ከልጆቿ አፍ ከፍላ ትሰጠዋለች። አባቶቻችን ዜማውን በቃል ማስያዝ ብቻ አልበቃቸውም፤ ነገ መሪጌታ ሆኖ የሚቆመው ሰው የሕዝቡን እንጀራ ለምኖ እንዲበላ አደረጉት። የማን እንጀራ እንዳሳደገው የሚያውቅ መምህር ሕዝቡን አይንቅም።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በጃንሆይ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የህንድ መምህራን ነበሩ፤ እኔንም ሒሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ናቸው። የአገራቸውን ተሳላሚ ነገር ሲያወሩ እንገረም ነበር። ኋላ እኔም እያነበብሁ ተከታተልሁት። ሂማልያ ላይ ኬዳርናት የሚባል የሺቫ ቤተ መቅደስ አለ፤ 3,580 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ጉናችን ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ ግን የእነሱ በረዶ ስለሚጥልበት የብርዱን ወራት ሙሉ ይዘጋና ጣዖቱ ወደ ቆላው ይወርዳል። ካሽሚር ውስጥ ደግሞ አማርናት የሚባል ዋሻ አለ፤ በውስጡ በየዓመቱ የሚጋገረውን በረዶ የሺቫ ምልክት ነው ብለው ሊሳለሙ ሂንዱዎች 3,888 ሜትር ይወጣሉ። አቅም ያጣውን በፈረስና በቃሬዛ የሚያወጡት ግን አብዛኞቹ የአካባቢው ሙስሊሞች ናቸው። በመንገዱ ዳርና ዳር ነጻ ወጥ ቤቶች ይተከላሉ፤ ባለጠጋውም ድሃውም ጎን ለጎን ተቀምጦ ያለ ክፍያ ይበላል። ቲቤት ውስጥ ያለው ካይላስ 6,638 ሜትር ነው፤ ሂንዱውም ቡድሂስቱም ያከብረዋል፣ ጫፉን የረገጠ ሰው የለም። 52 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያውን ይዞሩትና ይመለሳሉ። እምነታቸው ሌላ ነው፤ እኔም አንተን ህንድ አላደርግህም። በሰው ትከሻ ተይዞ፣ የሰው ወጥ በልቶ፣ ጫፍ ሳይረግጥ ረክቶ መመለስን ግን ካወቁት ቆይተዋል።

ከእነሱ ሌላም ትምህርት አለ። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ኬዳርናት ላይ ዶፍ ዘነበ፣ ከበላዩ ያለ የበረዶ ሐይቅ ተደርምሶ ጎርፉ ሸለቆውን ጠረገው፤ ተሳላሚውና የአካባቢው ሰው በሺዎች አለቀ። ለአማርናት ተሳላሚ ደግሞ ዛሬ የሐኪም ማረጋገጫ ሳይዝ ፈቃድ አይሰጠውም። አንተም የአገሩ ሰው «ዛሬ ወንዙ ሞልቷል፣ ቆይ» ሲልህ ቆይ። «መንገዱ ሰላም አይደለም፣ ተመለስ» ሲልህም ተመለስ። በእነዚህ ዓመታት አገራችን ያየችውን ታውቃለህ፤ ሳታጣራ አትነሣ። ከመሞት መሰንበት ደግ ነው፤ ማርያም ለከርሞም እዚያው ናት። መንገዱ ከተዘጋ ቅርባችን ማኅደረ ማርያም አለች፣ ከከተማው ከፍ ብሎ ደብረ ታቦር ኢየሱስ አለ። ሰጪ የሆነ ሰው «ተመለስ» የሚለውን ቃል መቀበል ሞት ይመስለዋል፤ እንደ ተሸነፈ ይቆጥረዋል። ወደ ተራራ የሄድኸው ልትረታው ስላልሆነ መሸነፍ የሚባል ነገር የለበትም።

ግሸን ስትደርስ አምባው በመስቀል አምሳል ተዘርግቶ ታየዋለህ። በዐፄ ዳዊት ዘመን የመጣው ግማደ መስቀል በልጃቸው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በዚያ እንዳረፈ አባቶች ያስተምራሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ይህ አምባ ለብዙ ዘመን የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ ተዘግቶባቸው የሚጠበቁበት ግዞት ነበር፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግራኝ ሠራዊት አምባውን እስኪይዘው ድረስ። ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው በ1426 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት የዚያ ግዞተኛ ነበሩ። ለዙፋን የተወለደ ሰው እንጀራውን ከጠባቂው እጅ ይቀበል ነበር ማለት ነው። ወርደው ከነገሡ በኋላ ያን አምባ አልጠሉትም፤ ከሁሉ የከበረውን ነገር የሰጡት ለእሱ ነው። እንዲህ ነው፤ ተቀባይ ሆኖ የቆየ ሰው ሲሰጥ አሰጣጡን ያውቅበታል።

መግቢያው ጠባብ ነው፤ የዕለቱ ሕዝብ ግን ባሕር ነው። «ቀድሜ ልለፍ» አትበል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ስታይ ጥግ ያዝ። አንዱ ክንድህን ቢይዝህ አትመንጭቀው፤ ወይ ሊወድቅ ነው፣ ወይ አንተን ከመውደቅ ሊያድንህ ነው። ፎቶ ለማንሣት ወደ ገደሉ አፋፍ ወደኋላ የሚራመድ ወጣት ካየህ ጎትተህ አስቀምጠው፤ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእሱ ነው። የራስህንም ስልክ አጥፋው፤ ከደጇ ቆመህ ለመቀበል እጅህ ባዶ መሆን አለበት።

ከተመለስህ በኋላ አንድ ቀን ጉና ላይ ይዤህ እወጣለሁ። ከሥሩ ተወልደህ ተራራ ብለህ አክብረኸው አታውቅም። ርብም ጉማራም ከእሱ ወርደው የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ከላይ ያለው ጓሳ፣ አስታና ጅብራ የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ ቀስ እያደረገ ይለቅልናል። ጓሳው ሲታረስ፣ አስታው ለማገዶ ሲጨፈጨፍ ምንጩ ይደርቃል። የጠጣኸው ውሃ፣ የበላኸው ገብስ ከዚህ ተራራ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ፣ የግሸንን ደጅ ስመህ የጉናን ጓሳ አትርገጥ። ሰጪነትህን ያን ጊዜ መልሰህ ያዘው፤ ለምንጩ አጥር፣ ለእረኛው ልጅ ደብተር ስጥ። ያን ጊዜ ስትሰጥ ዓይንህ ከላይ ወደ ታች አያይም፤ አንተም ከሰው ደጅ ቆመህ የተቀበልህ ነህና።

አሁን ወደ ስንቁ ልመለስ። ከሱቅ እንዳትገዛ። ዛሬ ማታ ለእናትህ ደውልና «እማዬ፣ ለግሸን መንገድ በሶ አዘጋጂልኝ» በላት። ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጥሃለች። «ወገቧን ያማታል» ብለህ አትዘንላት። ይህን ያህል ዓመት ስትሰጣት ኖርህ፤ አንዲት ነገር ለምነሃት ግን አታውቅም፤ እናት ደግሞ ልጇ የማይፈልጋት ሲመስላት ከወገብ ሕመም የባሰ ነገር ያማታል። እናቱን መለመን የማይችል ሰው ወላዲተ አምላክን ልለምን ብሎ ወሎ ድረስ አይድከም። መቀበልህን ከእሷ ጀምር።

ሂድ ልጄ። መንገዱን ያቅናልህ፣ ዳገቱን ያለዝብልህ፣ ከገባህበት ቤት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ፤ ሄደህ በሰላም ግባ። አሜን በል።